የመሪጌታ ጥበቡ ግራ ዓይን

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በመጋቢት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። በአንድ እጄ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ይዤ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ካርቶኑ ውስጥ የዓይን ጠብታ፣ የጨው ውሃ፣ ስሪንጅና ጫፉ የደነዘ ቀጭን የማጠቢያ መርፌ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ክብ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ጉዞ ደብዳቤ አለ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ጊዜ የቀረው ያ ወቅት ኬላ የበዛበት ስለነበር፣ ከካርቶኑ ይልቅ ደብዳቤውን ነበር በየደቂቃው የምዳብሰው።

የዓይን ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። የምሄደውም በጥር ወር የእንባ መውረጃቸው በቀዶ ሕክምና የተከፈተላቸውን ሦስት ሰዎች በየቤታቸው ለማየት ነው። አንዷ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አንኮበር፣ አንዷ አልዩ አምባ ናቸው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር፤ እንባ ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀጭን ቦይ አለው። ቦዩ ሲደፈን እንባው መሄጃ ያጣና በጉንጭ ላይ ይፈሳል፣ ውሎ አድሮም መግል ይቋጥራል። ሐኪማችን ከአፍንጫ ጎን ያለውን አጥንት በትንሽ መሮና በመሰርሰሪያ ከፍተው አዲስ መንገድ ያበጃሉ። መንገዱ እንዳይዘጋም እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ለጥቂት ወራት ያስቀምጡበታል።

ውጭ አገር ይህንኑ ሥራ በሌዘር፣ ፊት ሳይቀድዱ በብርሃን ጨረር ብቻ መሞከር እንደጀመሩ ሐኪማችን ከአንድ መጽሔት አንብበውልን ነበር። እኔ ያን ቀን ሌዘር ተመኘሁ። መሮና መዶሻችንን ሳይ ሁሉ አፈርኩ። እሳቸው ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብበውት ኖሮ፣ በሌዘር የተከፈተውም ቢሆን በኋላ ጠባሳ እያበጀ እንደሚዘጋ ነገሩን። መክፈቱ ሳይሆን ክፍት አድርጎ ማቆየቱ ነው ጣጣው አሉ።

ጣጣው እኛንም አልማረንም። ባለፈው ዓመት ከአንኮበር በኩል መጥተው የተሠራላቸው ሰዎች ከፋሲካ በኋላ ሲመለሱ ዓይናቸው እንደ ድሮው ያለቅስ ነበር። ዘንድሮም ለሦስት ሰው ሠራን። ሐኪማችን ጠርተውኝ፣ «ሳይዘጋ ሄደሽ እዪልኝ። ዘንድሮም ከተዘጋ ከዚያ አካባቢ ሰው መቀበል አቆማለሁ፤ አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ሞልቷል» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ያሉት ስለመረራቸው ነው።

እኔ ግን ምክንያቱን ለማወቅ ጉዞ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። ቸልተኝነት ነው ብዬ ወስኜ ጨርሻለሁ። ከሆስፒታል ሲወጡ የምሰጣቸውን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ። «ጠብታውን በቀን ሦስት ጊዜ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ከሦስቱ አንዱን የዘለለ ሁሉንም እንዳልጨመረ ይቆጠራል» ይላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት ከራሴ ነው። ሰው ካላስፈራሩት መድኃኒቱን አይወስድም የሚል እምነት ነበረኝ።

ሸኖ

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ካርቶኔን አስፈትቶ የማጠቢያውን መርፌ ብርሃን ላይ አድርጎ ሲያገላብጥ ቆየ። የዓይን ነው ስለው ቶሎ መለሰልኝና፣ የእናቱን ዓይን ሕመም ይነግረኝ ጀመር። ሹፌሩ ጡሩምባ ባይነፋ ኖሮ እዚያው ክሊኒክ ልከፍት ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ ሸኖ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሻይ ቤት ገብቼ ትኩስ ዳቦና ሻይ በአንድ ብር ከምናምን በላሁ። ከአውቶቡሱ ሙሉ ሰው የገባነው ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ አንድ ፈቃድ የወጣ ወታደርና እኔ ብቻ ነበርን። የቀረው ተሳፋሪ ከግድግዳው ሥር ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ለሻይ የሚሆን ሳንቲም የሰሰቱ መሰለኝና በልቤ ታዘብኳቸው። የሸኖ ቅቤ ሻጮችም ቅቤያቸውን በቅጠል ሸፍነው ገዢ አጥተው ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ አይቼ ምንም ሳይገባኝ ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

ደብረ ብርሃን

ከምሳ በፊት ደብረ ብርሃን ገባን። ብርዱ እንደ ዘመድ በር ላይ ቆሞ የሚቀበል ከተማ ነው። በሦስት ብር አልጋ ይዤ፣ ሁለት ብርድ ልብስ መኖሩን አረጋግጬ፣ ወዲያው የመጀመሪያዋን ታካሚ ፍለጋ ወጣሁ። ሙሉ ትባላለች፤ ብርድ ልብስ ከሚሠራበት ፋብሪካ የሱፍ ክር ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት። ቤቷን ያገኘሁት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠይቄ ነው።

ሙሉ ሕፃን ታጠባ ነበር። ገና በሩ ላይ እያለሁ ዓይኗን አየሁት፤ ደረቅና ንጹሕ ነው። ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጥታ ብርሃን ወዳለበት ተቀመጠችልኝ። በደነዘው መርፌ የዓይኗ ጠርዝ ላይ ባለችው ቀዳዳ ጥቂት የጨው ውሃ ስገፋ ሳይቸግረኝ ሄደ። ወዲያው ዋጥ አደረገችና ጨው ጨው አለኝ አለች። ውሃው ከዓይን ተነሥቶ ጉሮሮ ደረሰ ማለት መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ግንባሯን ሳምኳት።

ጠብታውን እንዴት እንደምትጨምር ስጠይቃት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ልክ እንደ ወረቀቱ አለችኝ። ሲጨምሩት ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮ ላይ ይመራል እንጂ ሌላ ችግር የለውም አለች። ስታጠባ ስለደከመች የንስሐ አባቷ ጾሙን እንዳቀለሉላትም በወሬ መሐል አነሣችልኝ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «የከተማ ሰው ናት፤ ጎበዝ» ብቻ ነው።

አንኮበር

በማግሥቱ ወደ አንኮበር የሚሄድ እህል ጫኝ መኪና ጋቢና ውስጥ በአራት ብር ቦታ አገኘሁ። መንገዱ ኮረት ነው፤ መኪናው ሲዘል ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ እኔም አብሬ እዘላለሁ። ግራና ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ በድንጋይ የታጠረ ግቢ፣ ወፍራም ጠጉር ያላቸው በጎች ናቸው። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ በታች ያለው ጉም ብቻ ነው። ሹፌሩ ጉሙ ሲገለጥ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ይታያል አለኝ። እኔ የሚታየኝ የመንገዱ ጥበት ነበር።

የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ የደረስኩት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተሜን ሁለት ጊዜ አይተው፣ «ጓድ ሲስተር» ብለው አክብረው፣ የመሪጌታ ጥበቡን ቤት የሚያሳየኝ ሰው ሰጡኝ። መሪጌታ የብራና ጸሐፊ ናቸው። የሰበካው ቤተ ክርስቲያን አሮጌ መጽሐፍ አይጥና እርጥበት እየጨረሰው ስለሆነ፣ ሳያልቅ እንዲገለብጡት ተሰጥቷቸው ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግራ ዓይናቸው ማልቀስ ጀመረ። የብራና ቀለም ውሃ አይችልም፤ አንዲት ጠብታ እንባ የቀን ሥራ ታበላሻለች። ሆስፒታል ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ መጽሐፉን ልጨርሰው ወይስ ላስረክበው የሚል። ከእሳቸው ሌላ የሚረከበው ሰው ደግሞ በአካባቢው አልነበረም።

ደጃፋቸው ላይ፣ ብርሃን ካለበት፣ ጉልበታቸው ላይ ብራና ዘርግተው አገኘኋቸው። የሚጽፉ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ቀርቤ ሳይ መስመር በወስፌ እያሰመሩ ነው። የሚጽፉበት መቃም ቀለሙም አጠገባቸው የለም። ፊታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገዋል፣ ትከሻቸው ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ። እንባው ከብራናው ውጭ፣ ጨርቁ ላይ እንዲወድቅ ነው።

ደሜ ፈላ። ከሰላምታው ሳንጨርስ ጠብታው የታለ አልኳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከሙዳይ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አውጥተው ሰጡኝ። ክዳኑ አልተነካም።

«መሪጌታ፣ ይህ እኮ አልተከፈተም» አልኩ።

«ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን እስከ ቅበላ ጨርሼዋለሁ» አሉ።

«ከቅበላ ወዲህስ?»

ትከሻቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አስተካከሉ። መልሳቸውን አልጠበቅሁም። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ያጠራቀምኩትን ቁጣ ሁሉ አራገፍኩት፤ የሐኪሙን ድካም፣ የአልጋውን ወረፋ፣ የመድኃኒቱን ውድነት፣ አንዱም አልቀረኝም። እሳቸው ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያዳምጥ መምህር አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ሲበቃኝ ስሪንጁን ሞላሁና ዓይናቸውን ላጥብ ተጠጋሁ። በመዳፋቸው ዓይናቸውን ከለሉት።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺኝ፣ ልጄ።»

ዓይን ይጾማል እንዴ ብዬ ሳቅሁባቸው። ወይዘሮ አስካለ ሳቄን አልወደዱትም። «አትቆጪው። መናገር አፍሮ ነው እንጂ አቃልሎት አይደለም» አሉኝ።

መሪጌታ ብራናውን አጥፈው አስቀመጡ። «ዓይንም ይጾማል፤ የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው» አሉ። «ጠብታሽ ይመራል። ዓይኔ ውስጥ ከጨመርኩት ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዬ ላይ አገኘዋለሁ። ጉሮሮ ከደረሰ በአፍ ገባ በዓይን ገባ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጾሜን ፈታሁ ማለት ነው።»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ መሆኑን ስናገር አላፍርም። ጠብታው ጉሮሮ ይደርስ ከነበረ ሐኪማችን የከፈቱት መንገድ ሠርቷል። ቀጥሎ ሙሉ ትዝ አለችኝ፤ የምታጠባዋ፣ ጾም የቀለለላት፣ ዓይኗ የደረቀው። ከዚያ የሸኖ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ የነበሩት ተሳፋሪዎች፣ ከዚያ ገዢ ያጣው ቅቤ። ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ለሕክምና የሚመጣው በጥር ነው። እኛም በጥር እንከፍታለን። ቁስሉ ጠብታውን አጥብቆ የሚፈልግበት ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳንም አብሮ ገብቶ ነበር። አንድም ሰው ትጾማለህ ወይ ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ለሕመምተኛ ፈቃድ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አለ፣ እኔው ለሰው እነግራለሁ አሉ። ነገር ግን በእግሩ ተራምዶ ቤተ ክርስቲያን የሚደርስ፣ እንጀራ የማይገፋ ሰው ሕመምተኛ ነኝ ብሎ ፈቃድ መጠየቅ አልዋጥ ብሏቸዋል። ታዲያ ማታ ማታ ለምን አይጨምሩም አልኩ። ከመጻሕፍት ማኅደራቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔ ጽሕፈት ነው። መነጽራቸውን አስተካክለው ፊደል ሳይገድፉ አነበቡልኝ።

«ከሦስቱ አንዱን የዘለለ ሁሉንም እንዳልጨመረ ይቆጠራል።»

ከዚያ ወረቀቱን እንደ ነበረ አጠፉት። «ሁለቱን መዝለሌ ካልቀረ አንዱን መጨመር መድኃኒት ማባከን መሰለኝ። ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ሳልከፍት አስቀመጥኩት» አሉ።

የተጻፈን ነገር እንደ ተጻፈ መገልበጥ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው። እኔ ለማስፈራሪያ የወረወርኳትን ቃል እሳቸው እንደ ሕግ ተቀብለዋታል። መንገዱን የሚዘጋው የእሳቸው ቸልተኝነት ሳይሆን የእኔ አጉል ብልጠት ሆኖ አረፈው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ወይዘሮ አስካለ ያኔ ነው በጄ ያሉኝ።

መሪጌታ ቅዳሴ ሄደው ተመለሱ። ባቄላ ንፍሮና ሽሮ ቀርቦልን ሦስታችንም በላን። ከዚያ ዓይናቸውን አጠብኩ። የመጀመሪያው ውሃ መግል ይዞ ወደ እኔው ተመለሰ። ጠብቄ ሁለተኛውን ገፋሁ፤ አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ላይ ቀስ ብዬ ገፍቼ ያዝኩት። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ነካ አደረጉና ጥቂት ጨው እንደቀመሱ ነገሩኝ። መንገዱ ጠቧል፤ አልተዘጋም። እስከ ፋሲካ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።

የዚያን ቀን የመጀመሪያውን ጠብታ ከካርቶኔ አውጥቼ ራሴ ጨመርኩላቸው። ነገር ግን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ባለችው ጊዜ ብቻ ሦስቱን መጨመር ይበቃል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አላወቅሁም። የተማርኩት ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ነው። እሳቸው ደግሞ የቀድሞውን ወረቀት የሚሽር ሌላ ወረቀት እንድጽፍላቸው ፈለጉ። የማላውቀውን መጻፍ ስላልደፈርኩ ከአልዩ አምባ ስመለስ እጽፋለሁ አልኳቸው። ካልጻፍኩላቸው ሁለት ቀን ጨምረው ተመልሰው እንደሚተውት ገብቶኛል።

ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ

በቅሎ ከነባለቤቷ በስምንት ብር ተከራየሁ፤ ሆኖም ቁልቁለቱ ስለሚያስፈራኝ አብዛኛውን በእግሬ ወረድኩ። አንኮበር ላይ ሹራብ ደርቤ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሹራቡን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነጠላዬን በቅሎዋ ላይ ጫንኩ። ገብሱ ቀርቶ የማሽላ አገዳ መጣ፣ ጽዱ ቀርቶ ግራር መጣ። በቅሎ ነጂው ከታች እየጫኑ የሚወጡ ነጋዴዎችን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ይላል። እኔ በመንገዱ ላይ የምሰብከውን አዘጋጅ ነበር፤ ጾምና ጠብታን እንዴት እንደማስታርቅ።

ወይዘሮ ፋጡማን ገበያው ሊበተን ሲል ጥጥ ስትመዝን አገኘኋት። ቀደም ሲል በርበሬ ነጋዴ ነበረች፤ ዓይኗ ሲታመም ወደ ጥጥ ዞራለች። ከአዲስ አበባ ከመሪጌታ ጋር በአንድ መኪና ስለተመለሱ ስለ እሳቸው ነው ቀድማ የጠየቀችኝ። እኔም አዲስ ብልህነቴን ለማሳየት ቸኩዬ፣ ጾመኛ መሆኗን እንደማውቅ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ዓይኗን እንደማልነካ ነገርኳት። ፋጡማ ሳቀች። ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየኋት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

ቤቷ ሄደን፣ ፀሐይ ጠልቃ በቴምርና በገብስ ሾርባ ካፈጠረች በኋላ አጠብኳት። ውሃው ሳይገታ ሄደ። ጨው ጨው አለኝ ስትል ስሪንጁን አስቀምጬ ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት።

«ረመዳን ሲገባ ቀኑ ተዘጋብኝ። ሌሊቱ ግን ሰፊ ነው» አለችኝ። «አንዱን ካፈጠርኩ በኋላ፣ አንዱን ከተራዊሕ ሶላት ስመለስ፣ አንዱን ሊነጋ ሲል በሱሁር። ሦስት አልሆነም?»

«ወረቀቱ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ይላል እኮ። አልፈራሽም?»

«ማንበብ አልችልም፣ ሲስተር። ልጄ ስታነብልኝ ሦስት ጊዜ የሚለውን ያዝኩ። የቀረው ቁጣ ነው ብዬ ተውኩት፤ ወላሂ።»

አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ። እኔ አምስት ዓመት ተምሬ ያልደረስኩበትን ፋጡማ ጥጥ እየመዘነች ደርሳበታለች። አንድም ቀን ሳታጓድል ጾማለች፣ አንድም ጠብታ ሳታጓድል ታክማለች። መልሱን ልሰጣት ወርጄ መልሱን ከእሷ ይዤ ልወጣ ነው። ለመሪጌታ ምን ልበልልሽ ስላት፣ ሌሊቱ ሰፊ ነው በያቸው አለች።

እንደገና አንኮበር

ዳገቱን ስወጣ ከበቅሎዋ አልወረድኩም፤ ለመድረስ ቸኩያለሁ። መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ናቸው። የፋጡማን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጠብታው በስንት ሰዓት ልዩነት እንደገባ፣ ውሃው እንዴት እንደሄደ ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። «በጾም ወራት፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሲመሽ፣ ሲተኙ። ሦስት ጊዜ።» ከሥሩ ስሜን አኖርኩ።

መሪጌታ አንብበው ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴ ማለዳ ስለሚያልቅ በእነዚያ ቀኖች ቀደም ብለው መጀመር እንደሚችሉ አስታወሱኝ። ያንንም ጨመርኩ። ቀጥለው የድሮውን ወረቀት ከማኅደራቸው አወጡ። ወይዘሮ አስካለን ቀለሙን አምጪልኝ አሉ፤ ቀንድ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለምና መቃው መጡ። ጨርቁን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ፊታቸውን ዘንበል አድርገው፣ አንዱን የዘለለ የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰረዟት። ከቅበላ ወዲህ ቀለም ሲነኩ ያ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ባለቤታቸው በኋላ ነገሩኝ። ጠርሙሱንም ፊቴ ከፈቱት።

መልስ

በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን፣ በማግሥቱ በአውቶቡስ አዲስ አበባ። ሸኖ ላይ ስንቆም ሻይ ቤት አልገባሁም። ጾመኛ ሆኜ ሳይሆን፣ ግድግዳው ሥር ከተቀመጡት ጋር ፀሐይ እየሞቅሁ ማውራት አምሮኝ ነው። አንዲት አሮጊት ለልጃቸው የዓይን ቅባት ተሰጥቷት እንደነበር፣ ቅባቱ ከእንስሳ ስብ ይሆናል ብለው እስከ ፋሲካ እንዳስቀመጡላት አጫወቱኝ። እንዳልሆነ ነገርኳቸው፤ ዛሬውኑ እቀባታለሁ አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በሆስፒታሉ መስኮት በኩል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ቤቴ አመሻሽ ላይ ገባሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ተረከዜ ተልጧል፣ ካርቶኑ ግን ባዶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ለሐኪማችን ከሙሉ እስከ ፋጡማ ያለውን ተረክሁላቸው። የራሴንም ወረቀት አልደበቅሁም። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እኔም እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ አልጋ ስለመከልከል ያልኩትን እርሺው ብለው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍላቸው ገቡ።

ፋሲካ መጣ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት የክሊኒኩን በር ስከፍት መሪጌታ ጥበቡን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትከሻቸው ላይ ጨርቅ የለም። ሐኪማችን ቱቦውን አወጡላቸው። መንገዱ ያለ ቱቦም ክፍት ሆኖ መቆየቱን ማየት ለእኔ የቀረ ሥራ ነበር። የጨው ውሃ አላነሣሁም፤ ያችኑ መራራ ጠብታ ግራ ዓይናቸው ውስጥ አንድ ጊዜ ጨመርኩና ወደ ኋላ ቆምኩ። ሐኪማችንም በሩ ላይ ቆሙ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ዋጥ አደረጉ፣ ፊታቸውም ተጨማደደ።

«መራራ ነው» አሉ፤ ፈገግ ብለው።

እኔ አለቀስኩ። በሁለቱም ዓይኔ፣ በደንብ አድርጌ ነው ያለቀስኩት። ፋጡማና ሙሉም በዚያው ሰሞን መጥተው ቱቦው ወጣላቸው፤ ሁለቱም ጉሮሯቸው መረረ። ባለፈው ዓመት የተዘጋባቸውንም በደብዳቤ ጠርተን፣ መጀመሪያ ትጾማላችሁ ወይ ብለን ጠይቀን፣ እንደገና ቀጠሮ ሰጠናቸው። ሌዘሩ አልመጣልንም። ቢመጣም ደግሞ ጠብታው የሚጨመርበትን ሰዓት የሚነግረን ታካሚው ነው። አምስት ቀን ሄጄ ያመጣሁት ትምህርት ይኸው ነው፤ ከዚያ በፊት ስንት ሰው ፊቴ ተቀምጦ ሊነግረኝ ሲችል አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

መሪጌታ ሊሄዱ ሲሉ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። አንድ ገጽ ብራና ነው። የጾም ወራት ጠብታ ሰዓቶች በጥቁር ቀለም ተጽፈውበታል፤ ሦስት ጊዜ የሚለው ቃል ብቻ ቀይ ነው። የክርስቲያኑ በአንድ ወገን፣ የፋጡማ የረመዳን ሰዓቶች በሌላው ወገን ናቸው። ቁጣ የሚባል ነገር የለበትም። መጽሐፉን ከመቀጠላቸው በፊት መጀመሪያ የጻፉት ይህን እንደሆነ ነገሩኝ።

መስኮቱ ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ አየሁት። ከላይ እስከ ታች የፈሰሰ ቀለም አልነበረበትም። ክሊኒካችን በር ላይ፣ የድሮው ማስታወቂያዬ በነበረበት ቦታ ሰቀልነው።